ግድቡን በደመወዛችን ገነባን፤ መስመሩን የሚያውቀውን ሰው በምን ገንዘብ እናስተምር?

(ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህራንና ተመራቂዎች ጋር በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለጋዜጣ እንዲመች በጥቂቱ ያጠረ)



መሐንዲስ በሞላበት አዳራሽ ስለ ኤሌክትሪክ እንዲናገር ጋዜጠኛ መጥራት፣ ካህናት በተሰበሰቡበት ቅዳሴ እንዲመራ ባላገር እንደመጥራት ያለ ነገር ነው። ደግነቱ እኔ ስለ ቮልቴጅ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ስለ ገንዘብ ላወራ ነው። ስለ ገንዘብ ደግሞ ቆጣሪውን በካርድ የሚሞላ ዜጋ ሁሉ የመናገር መብት አለው፤ ማንም ተነሥቶ «ምን አገባህ?» ሊለው አይችልም።

ነገሬን ሳላንዛዛ ልናገር። ይህች ሀገር ለግድብ ገንዘብ አግኝታለች። ለተርባይን አግኝታለች። ለብረት ምሰሶና ለሽቦም ተበድራም ቢሆን አግኝታለች። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስተሳስረውን የኃይል ቋት የሚያጠና፣ ሲታመም በሽታውን የሚያውቅለት ሰው በራስዋ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማርና ለማስመራመር ግን ሕዝብ የሚያየው፣ ማንም ሹም ተነሥቶ የማያጥፈው በጀት አላቆመችም። ዛሬ የምከራከረው በዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት! ደስታው የሁላችን ነው። የወር ደመወዙን ለቦንድ ያዋጣው መምህርና ዘበኛ፣ ከምሳው ቀንሶ የሰጠው ተማሪ ሁሉ የግድቡ ባለቤት ነው። ሪባኑን የቆረጠው ማንም ይሁን ማን፣ ግድቡ የአንድ ፓርቲ ንብረት አይደለም። ይህ በዚሁ ይቆየን። ነገር ግን ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል ጉባ ላይ አይበራም። በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሆለታ መድረስ፣ ከዚያም መከፋፈል አለበት። የዛሬውም ጭንቅ ያለው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ሀገር ጉድ ያለበት ግድብ ነበር፤ ጠቅላላ ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ነው። ከሕዳሴው 13 ተርባይኖች አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው። አንዱ ተርባይን ብቻ ዘጠኝ ቆቃ ማለት ነው! 420 ሜጋ ዋት የሆነውን ጊቤ ሁለትን ሊያህል ምንም አይቀረውም። እንግዲህ ሌሊት፣ ፋብሪካው ተዘግቶ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ከነዚህ ተርባይኖች አንዱ በድንገት ቢወጣ ምን ይሆናል?

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለጋዜጣው አንባቢ ግን በቃሬዛ ልንገረው። ስምንት ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ። እርምጃቸው አንድ ነው። አንዱ ድንገት አምልጦት ቢለቅ የሱ ሸክም በሰባቱ ላይ ያርፋል። ሰባቱ ብርቱ ከሆኑ ትንሽ ተንገዳግደው ይቀጥላሉ። ከመካከላቸው አንድ ደካማ ካለ ግን እሱም ይለቃል፤ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ በሽተኛው መሬት ላይ ነው። የኃይል ቋትም እንዲሁ ነው። ሁሉም ጣቢያዎች በአንድ እርምጃ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሱ ይሄዳሉ። አንዱ ሲወድቅ እርምጃው ይጎተታል። ማን በመጠባበቂያ እንደሚቆም፣ የትኛው ሰፈር አስቀድሞ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው መስመር ራሱን ለማዳን በስንት ቅጽበት እንደሚከፈት ቀድሞ ያልተጠና ከሆነ፣ አንድ ቦታ የተነሣው ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ሀገር ያጨልማል።

ይህ ተረት አይደለም። የእኛው መስመር ያለበት ጉዳይ ከጎረቤት ልጥቀስ። ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ኬንያ ውስጥ ከቱርካና የነፋስ ጣቢያ 288 ሜጋ ዋት ተሸክሞ ይመጣ የነበረ መስመር ተቋረጠ። እሱን ተከትሎ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ የሚደርሰው፣ በ2015 ዓ.ም. ሽያጭ የጀመርንበት የእኛው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር 200 ሜጋ ዋት እንደያዘ ወደቀ። በድምሩ 488 ሜጋ ዋት፣ ኬንያ በዚያ ሰዓት ከምትጠቀመው ከሩብ በላይ፣ ጠፋ። የሀገሪቱ አብዛኛው ክፍል ጨለመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ይህን ቁጥር ያገኘሁት የኬንያ መንግሥት ራሱ በዚያው ሰሞን ሰዓቱን፣ የመስመሩን ስምና የጠፋውን ሜጋ ዋት ጽፎ ለሕዝቡ ስለነገረ ነው። እኛ ጋ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ምንድን ነው? «በተፈጠረ የቴክኒክ ችግር ምክንያት ኃይል ተቋርጧል፤ ባለሙያዎች እየሠሩ ነው።» በቃ! መግለጫው ቀኑ ብቻ እየተለወጠ ይወጣል።

ለመሆኑ «ባለሙያዎቹ» እነማን ናቸው? ማን አስተማራቸው? እኔ ሠራተኛውን አልወቅስም። በጦርነቱ የተበጣጠሰውን የሰሜኑን መስመር ቀጥለው በ2015 ዓ.ም. መቀሌን ከቋቱ ጋር መልሰው ያገናኙት የኛው ልጆች ናቸው። ሙያም ወኔም አላቸው። ነገር ግን የተበጠሰ መቀጠል አንድ ነገር ነው፤ ሳይበጠስ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ትምህርትና ምርምር ይፈልጋል።

ታሪካችን በዚህ ረገድ አያሳፍርም ነበር። የምሕንድስና ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው ደግሞ በ1948 ዓ.ም.። ትምህርት ቤቱ መሥሪያ ቤቱን ቀድሞት ነበር ማለት ነው! ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በመጀመሪያ ጣቢያው ይገነባል፣ መስመሩ በውጭ ኩባንያ ይዘረጋል፣ ቁልፉ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ «ሰው የለም» ይባላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ከአርባ በላይ ሆነዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰባ በመቶ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተብሎ በጅምላ ታዘዘ። ሕንፃው ተሠራ፣ ወንበሩ ሞላ። ላቦራቶሪውስ? አራት አምስት ዓመት ተምሮ ሪሌ የሚባለውን ዕቃ በሥዕል እንጂ በእጁ ሳይነካ የወጣ ተመራቂ አላጋጠመኝም የሚል ሰው በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ያውጣ። (ሳቅ)

ሳቃችሁ መልስ ሰጥቷል።

ዕውቀትን በማስተማር ፋንታ በትእዛዝ ለማግኘት ስንሞክር ምን እንደደረሰብንም አንርሳ። የሕዳሴው ግድብ የተርባይንና የጄኔሬተር ሥራ ልምዱ ለሌለው ለሜቴክ ተሰጠ። «ሀገር በቀል አቅም» ተባለ፤ የጠየቀ ሰው ፀረ ልማት ሆነ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሥራው ከሜቴክ መነጠቁን ነገሩን። ግድቡ ዓመታት ዘገየ። ሀገር በቀል አቅም ማለት እኮ ማኅተም አይደለም፤ በላቦራቶሪ፣ በመምህር ደመወዝና በዓመታት ትዕግሥት የሚገነባ ነገር ነው። ያኔ ከጠፋው ብር ጥቂቱ እንኳን ለዩኒቨርሲቲዎቹ ገብቶ ቢሆን ዛሬ ስንት ሰው በኖረን!

አሁን ወደ ገንዘቡ። «ድሃ ሀገር ነን፣ ከየት ይምጣ?» ይሉናል። ድሃ መሆናችንን አልክድም፤ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። ይሁንና የሌላ ሀገር ጉዳይ ላንሣ። ብራዚል እንደኛ ኃይልዋን በአብዛኛው ከወንዝ የምታገኝ፣ ከተሞችዋ ከግድቦችዋ የራቁ ሀገር ናት። ከጎረቤትዋ ከፓራጓይ ጋር የገነባችው የኢታይፑ ግድብ ብቻ 14,000 ሜጋ ዋት ነው። ይህች ሀገር እ.ኤ.አ. በ1974 ሴፔል የሚባል የኤሌክትሪክ ምርምር ማዕከል አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሕግ አወጣች፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ከተጣራ ገቢያቸው 1 በመቶውን ለምርምርና ለኃይል ቁጠባ እንዲያውሉ አስገደደች። ከትርፍ አይደለም፣ ከገቢ! የሀገሪቱን ቋት የሚመራው መሥሪያ ቤት የሚሠራበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንኳን ሴፔል ውስጥ የተጻፈ ነው።

ብራዚል መብራት አይጠፋም አልልም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 ላይ በሀገሪቱ ብዙ ክፍል መብራት ጠፍቶ ነበር። ግን መርምረው ምክንያቱን አገኙት፤ የነፋስና የፀሐይ ጣቢያዎቹ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎች በተግባር የሠሩት በኮምፒዩተሩ ሞዴል ላይ ከተጻፈላቸው አንሰው ነበር። ይህን ለማወቅ ሞዴሉን የሚያነብ፣ የሚጠራጠርና «ውሸት ነው» የሚል የሀገር ልጅ ያስፈልጋል። አዳማና አሸጎዳ ላይ የነፋስ ጣቢያ የተከልን ሰዎች ነገሩ ይመለከተናል።

እኛስ ሕግ አጥተን ነው? የለም፣ ወረቀቱ አለን። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ መንግሥት በየዓመቱ ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት ቢያንስ 1.5 በመቶ ለዘርፉ እንዲመድብ፣ አምራችና አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም ከዓመታዊ ትርፋቸው 1 በመቶ ለምርምር ፈንድ እንዲያዋጡ ይላል። አስታውሱ፣ 2004 ነው! በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ታዲያ የዚያ ፈንድ ሒሳብ የት ነው? ስንት ገባ? ለማን ተሰጠ?

ገቢ ደግሞ አለ። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል ይሸጣል። ለቢትኮይን ቆፋሪዎችም በዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። (ለቢትኮይን የሚተርፍ ኃይል ያላት ሀገር ለተማሪ የሚተርፍ ሳንቲም አጣች መባሉ ለጆሮም ይከብዳል።) ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የእኛም ታሪፍ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት፣ ከፍ እንዲል ተወስኖብናል። በየአደባባዩ በኮሪደር ልማት ዛፉ ሁሉ መብራት ለብሶ ያድራል፤ ከጀርባው ያለው ሰፈር ሻማ ይገዛል። እንግዲህ ካልቀረ ጭማሪ ከምንከፍለው መቶ ብር አንዱን ብር በሕግ ለመስመር ምሕንድስና ትምህርትና ምርምር ይቁረጡልን። ከውጭ ሽያጩም እንዲሁ። አዲስ ጣቢያና መስመር ሲዋዋሉም የውሉ ትንሽ ድርሻ ለላቦራቶሪና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ይሁን፤ ኮንትራክተሩ የተማሪ መሥሪያ ዕቃ ትቶ እንዲሄድ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ነገር ግን ገንዘቡ ሚኒስቴር ኪስ ውስጥ ከገባ ታሪኩን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ወርክሾፕ፣ አበል፣ ባነር፣ ካኒቴራ። ስለዚህ በግልጽ ውድድር ይሰጥ። ዳኞቹ የፓርቲ አባልነታቸው ሳይሆን ሥራቸው ይታይ። ውጤቱ ይታተም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቋቱ መረጃ ለተመራማሪው ይከፈት። ትናንት ማታ በስንት ሰዓት፣ የትኛው መስመር፣ በምን ምክንያት እንደወደቀ የማያውቅ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ቢጎርፍለትም ምኑን ያጠናል? «የደኅንነት ጉዳይ ነው» የሚል መልስ አይበቃም፤ የውጭ አማካሪ ሲመጣ ያው መረጃ ይሰጠው የለም ወይ?

«ብናስተምራቸው ጥለው ይሄዳሉ» የሚልም አለ። አዎ፣ ይሄዳሉ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ ካልበቃ፣ ላቦራቶሪው ከተቆለፈ፣ የምርምር ፈቃድ ከአለቃ ፊት ከተንጠለጠለ ለምን አይሄዱ? ሰው የሚቆየው ሥራ ሲኖረው ነው። ሥራው ደግሞ እንደጉድ አለ። የጉባ መስመር ሌሊት ጭነቱ ሲያንስ ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ለምን ይወጣል፣ በምንስ ይገታ? አንድ 400 ሜጋ ዋት ቢወድቅ ስንት መጠባበቂያ መያዝ አለብን፣ የትኛው ግድብ ይያዘው? የኬንያው መስመር ሲቋረጥ ያልተሸጠው ኃይል የእኛን ቋት ምን ያደርገዋል? ለነዚህ የዶክትሬት ጥያቄዎች መልሱን ከውጭ ገዝተን እስከ መቼ እንዘልቃለን? አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ሲቃጠል የሚወጣው ዶላር ስንት ተማሪ እንደሚያስተምር ገንዘብ ሚኒስቴር ቁጭ ብሎ ያስላው።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። በፖሊሲው የተባለው የምርምር ፈንድ ሒሳብ ምን ያህል እንደሆነ። ካለፈው ታሪፍ ጭማሪ ለትምህርትና ለምርምር የዋለ ሳንቲም እንዳለ። ባለፈው ዓመት በቋቱ ላይ የደረሱት ትላልቅ መቋረጦች ዝርዝር ከነምክንያታቸው። ደብዳቤውን በየክፍላችሁ ስም ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ አስገቡ፤ ቅጂውን ለዚህ ጋዜጣ ላኩ። የሚመጣውን መልስ እናትመዋለን። መልስ ካልመጣም ያልመጣበትን ቀን እየቆጠርን በየሳምንቱ እናወጣዋለን።