የአይሮፕላን ማረፊያዎቻችን ዓይነትና የሚያገለግሉት ሰው
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



የውይይት ኮሚቴው ስለ አገራችን የአይሮፕላን ማረፊያዎች እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ «ስለ አስፋልት ውፍረት ልታስተምረን ነው ወይ?» ብለው ቀልደውብኛል። የአስፋልቱን ውፍረት ለመሐንዲሶቹ ትቼዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እንደ እኛ ያለ ሰፊና ተራራማ አገር ስንት ዓይነት ማረፊያ ያስፈልገዋል? እያንዳንዱስ ዓይነት ማንን ያነሣል፣ ማንን ይጥላል? የሚል ነው። ሐሳቤን ከመነሻው ልግለጽና ተቃዋሚዎቼ እንዲዘጋጁ ጊዜ ልስጣቸው። የማረፊያዎቻችን ሥርዓት ከላይ እየገዘፈ ከታች እየሳሳ ሄዷል፤ የሳሳውም ወገን ሌላ አማራጭ የሌለውን ሰው ያገለግል የነበረው ነው።

ነገሩን ከሠፈሬ ልጀምር። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ የሚገኘው የአቃቂ ሜዳ ዛሬ ፋብሪካና መጋዘን፣ ተሳቢ መኪናም የሞላበት ነው። ይህ ሜዳ ከጣልያን ወረራ በፊት የዋና ከተማችን የአይሮፕላን ማረፊያ እንደ ነበረ ከሠፈሩ ልጆች እንኳ ብዙዎቹ አያውቁም። የመጀመሪያው አይሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት፣ በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ማረፊያ ማለት ድንጋዩ የተለቀመለት ገላጣ ሜዳ ማለት ነበር። አቃቂም ከዚህ እምብዛም የተሻለ አልነበረም። ከቺካጎ ተነሥቶ ለኢትዮጵያ ሊዋጋ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን በጦርነቱ ጊዜ የመራው አየር ኃይል እጅግ ጥቂት አይሮፕላኖች ብቻ ነበሩት። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አይሮፕላኖች መጥተው የአቃቂን ማረፊያ ደበደቡት። እንግዲህ የሣር ሜዳ ቢሆንም እንኳ ጠላት ሊመታው የሚመጣበት ነገር መሆኑን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እናውቃለን።

ከነፃነት በኋላ ከተማይቱ በልደታ ማረፊያ ተጠቀመች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከዓለም ጦርነት የተረፉ ዳግላስ ሲ 47 ነበሩ፤ መንገደኛው በግራና በቀኝ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ዕቃው መሐል ይከመራል። ጄት የመግዛት ነገር ሲመጣ የልደታ ሜዳ የማይበቃ ሆነ፤ ቦሌም በዚህ ምክንያት ተወለደ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ሥራ ሲጀምር መነሻው ቦሌ ነበር። ልደታ ግን ስሙን ብቻ ለሠፈር ትቶ አለፈ፤ እስከ ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ሲባል ትሰማላችሁ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ልደታን የሻረው የመንገደኛ መጥፋት ሳይሆን የአይሮፕላኑ ዓይነት መለወጥ ነው።

ስለ ዓይነቶቹ አሁን በአጭሩ ልናገር። በላይኛው ጫፍ ያለው የማስተላለፊያ ማረፊያ ነው፤ ከሌጎስ የተነሣውን ነጋዴ ተቀብሎ ወደ ጓንግዡ፣ ከጆሃንስበርግ የመጣውን ወደ ዋሽንግተን የሚያሻግር። ቦሌ ይህ ነው። ከዚያ በታች የክልል ከተሞች ባለ አስፋልት ማረፊያዎች አሉ፤ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ጅጅጋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ አርባ ምንጭና ሌሎችም፤ በጠቅላላው ከ20 በላይ ይሆናሉ። የጦር ማረፊያም አለ፤ ዋናው በቢሾፍቱ ያለው ሐረር ሜዳ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በስዊድናዊው በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት አብራሪዎቻችን የሠለጠኑበት ነው። በመጨረሻ የጠጠርና የሣር ሜዳ ይመጣል። ብዙ የምናገረው ስለዚህኛው ነው።

ስለ ቦሌ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የፊዚክስ ክፍል ተማሪዎች ይቀየሙኛል። ቦሌ ከባሕር ጠረፍ 2300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም ሩጫ ይፈልጋል፤ ሩጫው ካልበቃው ደግሞ ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ አለበት። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን በመንገዱ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ ነው። የአየሩ ነገር ኪሳችንን ይነካል ማለት ነው። አዲሱ ታላቅ ማረፊያ በቢሾፍቱ አጠገብ በአቡሴራ እንዲሠራ ከተመረጠበት ምክንያት አንዱም ይኸው ነው፤ ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ጠጠሩ ሜዳ ልውረድ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የአገር ውስጥ የበረራ ሰሌዳ የተመለከተ ሰው ዛሬ የማይገኙ ስሞች ያገኝበታል፤ ማጂ፣ ዋካ፣ ቡልቂ፣ ሳውላ፣ ቴፒ፣ መንዲ፣ ሞጣ። ዲሲ 3 በእነዚህ ሜዳዎች ያርፍ ነበር። ማረፊያው አጥር የለውም፤ የቲኬት ቢሮው አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት፤ አይሮፕላኑ ሲያንዣብብ እረኛው ከብቱን ከሜዳው ያስወጣል። የከፋና የኢሉባቦር ቡና የመኪና መንገድ ሳያገኝ አይሮፕላን ያገኘው በዚህ ዓይነት ነው። ከበቅሎ ወደ አይሮፕላን፣ መኪናን ዘልሎ! ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ብዙውን ሜዳ ይዘጋዋል። የላሊበላም ማረፊያ አስፋልት እስኪያገኝ ድረስ የበጋ ብቻ ነበር። የጂንካው አሮጌ ማረፊያ ደግሞ በከተማው እምብርት ተዘርግቶ፣ በረራ በሌለ ሰዓት ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው ወደ ገበያ የሚያቋርጥበት ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ በሕዝቡ ኑሮ መካከል የተቀመጠ ማረፊያ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

እነዚህ ሜዳዎች ምን ገደላቸው? የተለመደው መልስ «መንገድ ተሠራ፤ አውቶቡስ ገባ» የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ መንገዱ በመሠራቱም ደስ ሊለን ይገባል። ሌላው ግማሽ ግን የልደታ ታሪክ ነው። ዲሲ 3 አረጀ፤ በእሱ እግር የገባው ትዊን ኦተር፣ በአጭር የሣር ሜዳ ላይ ማረፍ የሚችለው፣ እሱም በጊዜው ተሰናበተ። ዛሬ የአገር ውስጡን በረራ የሚሠራው ኪው 400 ሰባና ከዚያም በላይ ሰው ይይዛል፤ ትላልቆቹ ከተሞች ደግሞ ቦይንግ 737 ያዩ ጀመር። ሰባ ሰው የማይገኝበት ቦታ ከሰሌዳው ይወጣል። ማጂ ውስጥ ምጥ የጠናባት እናት ግን የምትፈልገው ሰባ ወንበር ሳይሆን አንድ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እዚህ ላይ እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ። አየር መንገዱ አትርፎ የሚኖር ድርጅት ነው፤ የአንዲትን መንደር ሜዳ ሲጠግን ቢኖር ከስሮ ይቀራል ይሉኛል። ልክ ናቸው። ጥያቄው ግን ለአየር መንገዱ መቅረብ የለበትም፤ ለመንግሥት እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአየር ማረፊያዎች ድርጅት ከአየር መንገዱ ጋር በአንድ ግሩፕ ሥር ተጠቃልሏል። ይህ ለቦሌ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ማረፊያውና ባለ አይሮፕላኑ አንድ ሲሆን ሥራ ይፋጠናል። የኩባንያው አይሮፕላን ለማያርፍበት ሜዳ ግን ጠበቃው ማነው? የነፃ ገበያ አገር የምትባለው አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር ገበያውን ስትለቅቅ፣ ትናንሽ ከተሞች ከሰማይ እንዳይቆረጡ ከመንግሥት ካዝና ድጎማ የሚከፈልበትን ሕግ አብራ አውጥታለች፤ መንገድ የማይደርስባቸው የአላስካ መንደሮች እስከ ዛሬ ከዚሁ ይጠቀማሉ። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ሐኪም በአይሮፕላን ወደ በረሃ ትልካለች። ሁለቱም ከእኛ ይልቅ ሀብታሞች ናቸው፤ መልሱ ይህ ከሆነ ግን ድሃ አገር ለትልቁ ማረፊያ ገንዘቡን ከየት አመጣው? ብዬ እጠይቃለሁ።

የማረፊያ ዋጋ ደግሞ ሲጠፋ በደንብ ይታወቃል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ እህል አሰብ ወደብ ላይ ተከምሮ በተራራ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ይሞት ነበር። የእንግሊዝ ሄርኩለስና የጀርመን ትራንዛል አይሮፕላኖች ማረፊያ ባለበት አረፉ፤ ማረፊያ በሌለበት ዝቅ ብለው እየበረሩ፣ እንዳይፈነዳ በበርካታ ጆንያ የተደራረበውን እህል ከሰማይ ጣሉ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን እህል ይወረወራል እንጂ በሽተኛ ወደ ላይ አይወረወርም። ሜዳ ያለው አገር ያስገባልም ያስወጣልም፤ ሜዳ የሌለው ይቀበላል ብቻ።

ከቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ወደ መቀሌ የሚደረገው በረራ ተቋረጠ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ ሁለት ዓመት ድምፅ ሳይሰማሙ የኖሩ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት በማረፊያው በር ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ያላየ የለም። የአክሱም ማረፊያ መንደርደሪያው ተቆፍሮ ስለ ነበር እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ድረስ መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ጊዜ ስለ ትርፍና ኪሳራ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ከሠፈሬ አንድ ነገር ላክል። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር በጠያቂ ቀን ስንቅ ይዘው የሚሰለፉትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ከመካከላቸው ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ አንዳንዶችም በመንገድ አድረው የመጡ አሉ። በራሳቸው ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ የሚያቀናው አይሮፕላን ያልፋል። ያ አይሮፕላን እንዲወስዳቸው መጠየቅ ዛሬ ሕልም ነው፤ እኔም አልጠይቅም። ነገር ግን «የአፍሪካ መግቢያ በር ሆነናል» ብለን ስንኮራ፣ በሩ የተከፈተው ለማን እንደሆነ ለማሰብ ከዚያ ሰልፍ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ወደ አቡሴራ ልምጣና ልጨርስ። በጥር 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠለት ይህ ማረፊያ 12.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተነግሯል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ቦሌ በ2011 ዓ.ም. ሲስፋፋ ይችላል የተባለው 22 ሚሊዮን ነበርና፣ ልዩነቱን አስቡት። የአቡሴራ ገበሬዎችም ለዚህ ሲባል ከእርሻቸው ተነሥተው በሌላ ቦታ ሠፍረዋል። እኔ ሥራውን አልቃወምም። ወደብ ለሌለው አገር ሰማይ ወደቡ ነው፤ አበባችንና ሥጋችን የሚወጣው በዚያ ነው፤ ከሌጎስ ወደ ጓንግዡ የሚያልፈው መንገደኛ የሚከፍለው ዶላርም መድኃኒት ይገዛል።

ነገር ግን ለዛሬ ማታ ክርክር የማቀርበው አንድ ተጨባጭ ጥያቄ አለኝ። ትልቁ በረራ ሁሉ ወደ አቡሴራ ሄዶ ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ ቢተው፣ ከጋምቤላ ወይም ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ውጭ ለሕክምና የሚሄድ በሽተኛ ቦሌ ወርዶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጓዝ ሊኖርበት ነው። ከሌጎስ የመጣው ግን ከአንዱ አይሮፕላን ወርዶ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደ ሌላው ይሻገራል። የከተማ ፕላን የምታጠኑ ጓደኞቼ ባቡሩንና ፈጣኑን መንገድ ታነሡልኝ ይሆናል፤ የባቡሩ ቲኬት በአይሮፕላኑ ቲኬት ውስጥ ይጠቃለላል ወይ? ሌሊት የሚደርሰው የክልል መንገደኛስ የት ያድራል? ከ12.5 ቢሊዮኑ ጎን ጥቂት ሚሊዮን ተቆርጦ አሥር የጠጠር ሜዳዎች ቢጠገኑና ሐኪም የሚያመላልሱ ትናንሽ አይሮፕላኖች ቢገዙ፣ ሥራውን የትኛው መሥሪያ ቤት ይረከባል? ጤና ጥበቃ፣ ሲቪል አቪዬሽን፣ ወይስ ክልሎቹ ራሳቸው? መምህራኖቻችን ከእኛ የተሻለ ስለሚያውቁ መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ፤ ቀጥሎ መድረኩ ለሁላችሁም ክፍት ነው።