በባቡሩ መስመር ሁለት ጫፍ፦ የጤና ኢንስቲትዩቶች ትብብርና የእኛ ድርሻ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር





የበዓሉ አዘጋጆች ንግግር እንድናቀርብ ሲጠይቁን ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኛ የመረጥነው ግን ይህችን የምንኖርባትን ከተማና አገራችንን አንድ ላይ የሚነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም የየአገሩ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቶች ለምን እርስ በርሳቸው እንደሚፈላለጉና በመካከላቸው የእኛ ቦታ የት እንደሆነ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአገር ቤት ስንመጣ ወባን የምናውቃት የቆላ በሽታ መሆኗን ነበር። ክረምቱ ሲያበቃ፣ ውኃ ባቆረው መሬት፣ በገጠር የምትነሣ በሽታ ናት ብለን እናምን ነበር። ዝናብ ብርቅ በሆነባት በጅቡቲ ከተማ ወባ ያስጨንቀናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ2012 በጅቡቲ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ግን ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ሆነ።

በመካከሉ ምን ተፈጠረ? በዚያው በ2012 አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ እዚሁ በጅቡቲ ከተማ ተገኘች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም። በበርሜል፣ በጣሪያ ላይ ታንከርና በግንባታ ቦታ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች። በሌላ አነጋገር፣ ለዚህ ሙቀት ብለን ከምናጠራቅመው ውኃ ትኖራለች ማለት ነው።

በ2016 ያችው ትንኝ በኢትዮጵያ በቀብሪደሃር ተገኘች። ብዙም ሳይቆይ በድሬዳዋና በሌሎች የምሥራቅ ከተሞች ታየች። በ2022 ድሬዳዋ በበጋ ወራት የወባ ወረርሽኝ ገጠማት። አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከውጭ አጋሮቹ ጋር ባደረገውና በ2023 በታተመው ጥናት ወረርሽኙ ከዚችው ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ትንኟን ማን ለማን አመጣ ብሎ መካሰስ ለማንም አይጠቅምም። ቁም ነገሩ ጅቡቲ ያየችውን ድሬዳዋ ከአሥር ዓመት በኋላ ማየቷ ነው። እዚህ የተገኘው እውቀት እዚያ በጊዜው ቢደርስና ሥራ ላይ ቢውል፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት በሆነ ነበር።

የኢንስቲትዩቶች ትብብር ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ትብብር ሲባል ትልልቅ ሰዎች ፊርማ ተፈራርመው ፎቶግራፍ የሚነሡበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመካከላችን ያላችሁ እናቶች ፋፋን ታስታውሳላችሁ። ፋፋ የተገኘው ኢትዮጵያና ስዊድን በ1962 በመሠረቱት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ሥራ ነው። ያ ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከጊዜ በኋላም ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከምንለው ተቋም ጋር ተዋሐደ። ብዙዎቻችን ያደግንበት ገንፎ የትብብር ፍሬ ነበር ማለት ነው።

ከቅርቡም እንጥቀስ። በጥር 2020 ኮሮና ተጠርጥሮባቸው በአዲስ አበባ ተለይተው የቆዩ ተማሪዎች ናሙና የተመረመረው በደቡብ አፍሪካ ነበር፤ የዚያን ጊዜ በአገራችን መመርመሪያው አልነበረምና። በተከታዩ ወር፣ በየካቲት፣ ኢንስቲትዩታችን በራሱ ቤተ ሙከራ መመርመር ጀመረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው በመጋቢት ነው። ወንድም ከወንድሙ ተበድሮ ጎጆ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ኢንስቲትዩትም ከኢንስቲትዩት ተምሮ ራሱን ይችላል። የየአገሩ ኢንስቲትዩቶች በ2006 ዓለም አቀፍ ማኅበር ያቋቋሙት፣ የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም በ2017 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ።

ከማኅበራችን አባላት አንዱ ለዘመድ ልቅሶ ድሬዳዋ ሄዶ በባቡር ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ያዘው። ሐኪም ቤት ሄዶ በፈጣን መመርመሪያ ታይቶ ከወባ ነጻ ነህ ተባለ። «ከከተማ ውጭ ቆይተህ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልወጣሁም» አለ። የመኖሪያ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ፈራ። የሙቀት ነው ብሎ ተኛ። በአምስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ሲወሰድ ደሙ በማይክሮስኮፕ ታየና ወባው ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። ታሪኩን እንድንናገር የፈቀደልንም ራሱ ነው። «ሌላው እንደ እኔ እንዳይዋሽ ንገሩልኝ» ብሎናል።

መመርመሪያው ለምን አላየውም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ለእሱ ሕመም ቁርጥ ያለ ምክንያት መስጠት ባንችልም፣ በአካባቢያችን የታወቀ አንድ ችግር አለ። በብዛት ስንጠቀምበት የቆየነው ፈጣን መመርመሪያ የሚሠራው የወባው ተሕዋስ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን በመፈለግ ነው። በኤርትራ፣ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ግን ያንን ፕሮቲን የማያመነጩ ተሕዋስያን ተገኝተዋል። ተሕዋሱ በደም ውስጥ እያለ መመርመሪያው «የለም» ይላል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከአሜሪካው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ባደረገው፣ በ2021 በታተመው ጥናት፣ በዚህ ምክንያት ከመቶ ሕመምተኛ ወደ አሥር የሚሆነው ሊያመልጥ እንደሚችል ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ አምስት ሲያልፍ መመርመሪያው ይቀየር ይላል። እንግዲህ ጥናቱ የተጀመረው ከየት ነው? በየጤና ጣቢያው አንድ ጠብታ ደም ከሰጠ፣ የተጠየቀውንም በእውነት ከመለሰ ገበሬና እናት ነው።

ጅቡቲም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በግንቦት 2024 እዚሁ በአምቡሊ፣ መንግሥት ከአንድ የብሪታንያ ኩባንያና ከአገር ውስጥ ማኅበር ጋር ሆኖ ዘረ መላቸው የተለወጠ ወንዴ ትንኞች ለቋል። ወንዴ ትንኝ አይናከስም፤ ከእነዚህ የሚወለዱት ሴቶቹም ሳያድጉ ይሞታሉ። የዚህን ሥራ ውጤት ድሬዳዋም በጉጉት ትጠብቃለች።

ውድ ወገኖቻችን፤

በሁለቱ አገሮች መካከል በየሳምንቱ የምንመላለሰው እኛ ነን። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ለሠርግና ለልቅሶ የሚሄደው፣ ልጆቹን ለክረምት አያት ዘንድ የሚልከው የእኛ ሰው ነው። ሁለቱ አገሮች የቱንም ያህል ቢተባበሩ፣ እኛ «አልወጣሁም» ካልን መዝገባቸው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ያሳስባል።

አንደኛ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ከየት እንደመጣና መቼ እንደተመለሰ ለሐኪሙ በእውነት ይናገር። በወረቀት ምክንያት የሚፈራ ካለ ወደ ኮሚቴው ይምጣ፤ አብረነው እንሄዳለን። ሁለተኛ፣ ፈጣን መመርመሪያው «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ይጠይቅ፤ ነገ ዛሬ አይበል። ሦስተኛ፣ በርሜልና ታንከር ሁልጊዜ ይከደን፤ በየሳምንቱም ተደፍቶ ውስጡ ይፈተግ።

በ1918 ያ ክፉ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከመታ ወዲህ፣ ወላጆቻችን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገው ያጥናሉ። ከዘንድሮ ጀምሮ እኛም በዚህ ከተማ በዚያ ቀን ቤት ለቤት እየዞርን የየቤቱን በርሜል እንፈትሽ ብለናል። ልጆቻችን ከፊት ይምሩን፤ በክዳን የለሽ በርሜል ውስጥ የምትዋኘውን እጭ ለማየት ከእኛ ይልቅ የእነሱ ዓይን ስል ነው።

ማኅበራችንን ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በጤና ያድርስልን።