ሞተሩ ምን እያለ ነው? ያረጁ ተሽከርካሪዎችን ድምፅ ስለ መመርመር



አንድ አሽከርካሪ ያረጀ መኪናውን ይዞ ጋራዥ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚናገረው «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚል ነው። ይህ ቃል ለመርማሪው የሚሰጠው መረጃ ለሐኪም «አሞኛል» ከማለት ብዙም አይበልጥም። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ድሃ ሆኖ አይደለም። ሞተር ያንኳኳል፣ ይንጣጣል፣ ያፏጫል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ያጓራል። የሚያፏጭ ከሆነ አየር ወይም ጭስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይፈለጋል፤ ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነ የላላ ቺንጋ ወይም ቅባት ያጣ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። አስቸጋሪው በእርግጥ የሚያንኳኳው ነው፤ የዛሬው ንግግሬም በእርሱ ላይ ያተኩራል።

ጉዳዩ ለእኛ አካባቢ ቀላል አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ከጎማ፣ ከጌራና ከሊሙ ሲወርድ የሚያጓጉዙት ብዙዎቹ አሮጌ አይሱዙዎችና ላንድ ክሩዘሮች ናቸው። በዚያ ወቅት ያለ በቂ ምክንያት ሞተሩ የወረደበት ባለንብረት የዓመቱን ገቢ ያጣል። በተቃራኒው ደግሞ እውነተኛውን ኳኳታ «ይቆየን» ብሎ ያለፈ ሰው፣ ከጊቤ ሸለቆ ሽቅብ ሲወጣ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ሊበሳው ይችላል፤ መኪናው ላይ ሰው እንዳለም አንርሳ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። እነዚህን ፖሊሲዎች መደገፍና መቃወም የሌላ መድረክ ጉዳይ ነው፤ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ግን ገና ለብዙ ዓመታት አብረውን ይኖራሉ። አብዛኞቹም ኮምፒውተር የላቸውም። ተማሪዎቼ የሚወዱት የምርመራ መሣሪያ የሚሰካበት ቦታ እንኳ አይገኝባቸውም።

ታዲያ ከየት እንጀምር? እኔ የምጀምረው ከመቁጠር ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ካምሻፍቱ የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ፍጥነት ግማሽ ነው። ሞተሩ ቆሞ በደቂቃ 750 ዙር ቢሠራ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞር ብልሽት በሰከንድ አሥራ ሁለት ተኩል ጊዜ ሊመታ ይችላል፤ ከአንድ ቫልቭ የሚመጣ ምት ግን በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ይሰማል። ጆሮ ይህን መቁጠር ያቅተዋል። ነገር ግን ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ድምፁን ይቀዳል፣ አዘግይቶም ያሰማናል። በዚህ ብቻ ከግማሽ በላይ ጥርጣሬያችን ሊወገድ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀት ነው። በማለዳ ብርድ የሚያንኳኳና ሲሞቅ ዝም የሚል ሞተር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሰፍቶለት የሚላተም ነው፤ ፒስተኑ በሙቀት ሲያብጥ ክፍተቱ ይጠብባል። ሲሞቅ የሚብስ ኳኳታ ግን ያሳስበኛል። ዘይቱ ሲቀጥን የተበላው የቢየላ ኩሽኔታ መሸፈኛውን ያጣል፣ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል። እንዲህ ያለው ድምፅ ከዘይት ግፊት መቀነስ ጋር አብሮ ከታየ መኪናው ባለበት መቆም አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታችን አንድ ነገር ልበል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። በናፍታ ሞተር ውስጥ አየሩ ሲሳሳ ናፍታው ከተረጨ በኋላ እስኪቀጣጠል ያለው ጊዜ ይረዝማል፤ የተጠራቀመው ናፍታ በአንድ ጊዜ ሲነድም ምቱ ይጠነክራል። ስለዚህ ጤነኛ ናፍታ ሞተር እዚህ ከጅቡቲ ወደብ ይልቅ ሻካራ ድምፅ ቢኖረው አይደንቅም። አንዳንድ አሽከርካሪዎች ወደ ጊቤ ሲወርዱ ድምፁ እንደሚለሰልስ ይናገራሉ። ምልከታው ዋጋ አለው፤ ሆኖም ቁልቁለት ጭነትንም ስለሚቀንስ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ሙከራ ሲሊንደሮችን አንድ በአንድ ማሳረፍ ነው። በቤንዚን ሞተር የካንዴላውን ገመድ እናላቅቃለን፤ በአሮጌ ናፍታ ሞተር ደግሞ ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ በጥቂቱ እናላላለን። ቢየላው ያረጀበት ሲሊንደር ጉልበት ሲያጣ ኳኳታው ጎልቶ ይቀንሳል። ተማሪዎች፣ ይህን በአዲሶቹ የኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አትሞክሩ! በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሆነ የሚፈናጠረው ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል።

በአጋሮና በሊሙ መንገድ ላይ ዕድሜውን የፈጀ አንድ ባለ ስድስት ሲሊንደር ላንድ ክሩዘር ወደ እኛ መጥቶ ነበር። ባለቤቱ «ቢየላ ነው፣ ሞተሩ ይውረድ» ተብሎ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ መበደር ጀምሯል። ድምፁን ቀድተን ስንቆጥር ምቱ በትክክል ከክራንክሻፍቱ ዙር ጋር ገጠመ፤ እስከዚህ ድረስ የቢየላው ጥርጣሬ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ስድስቱንም ሲሊንደሮች ተራ በተራ ስናሳርፍ በአንዱም ላይ ድምፁ አልተለወጠም። ዘይቱም ግፊቱን ይዟል። ቀጥሎ ቺንጋዎቹን አውልቀን ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ አስነሣነው፤ የውሃ ፖምፑ ቆሞ ስለነበር ከዚያ በላይ ማቆየት አይገባም። ድምፁ ተለወጠ፣ ሊጠፋም ትንሽ ቀረው። እንግዲህ በክራንክሻፍቱ ፍጥነት የሚዞር፣ ለየትኛውም ሲሊንደር የማይታዘዝ፣ የቺንጋ ውጥረት ግን የሚነካው ነገር ምንድን ነው? ከፊት ያለው ፑሊ ነው። ሲፈታ ዋናው ቡሎን ላልቶ፣ ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ትንሽ የብረት ሽብልቅም ተበልቶ ተገኘ። ሰውየው ሞተር ሳያወርድ በሁለተኛው ቀን ወደ ሊሙ ተመለሰ።

የመርመሪያ መሣሪያችን ከስልኩ ሌላ ረጅም ካቻቢቴ ነበር፤ ጫፉ ከብረቱ፣ እጀታው ከጆሮ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ የሕመምተኛን ደረት ያዳመጠበት ሐሳብ ከዚህ አይለይም። የጅማ መካኒኮች ይህን ከእኛ ክፍል አልተማሩትም። ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታና ቺንጋ ከጣሊያንኛ የወረሷቸው ቃላት ሲሆኑ፣ ዕውቀቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ የራሳቸው ነው። ተማሪዎቻችን የመጽሐፉን ስም ያውቃሉ፣ የጋራዡን ስም አያውቁም። በዚህም ምክንያት ስለ አንድ ዕቃ እየተነጋገሩ ሳይግባቡ ሲለያዩ አይቻለሁ።

ስለዚህ ለዚህ ዓመት ተመራቂዎች የማቀርበው ሐሳብ አለ። ጋራዥ በምትውሉባቸው ሳምንታት ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ድምፁን ቅዱ፤ ቀዝቃዛ ሳለ አንዴ፣ ከሞቀ በኋላ አንዴ። የዙሩን ቁጥር፣ የመካኒኩን ግምት በራሱ ቃል፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ መዝግቡ። ከተፈታ በኋላ የተገኘውን ብልሽት ከጎኑ ጻፉ። ግምቱ ባይገጥምም አትሰርዙት፤ ያልገጠመው ግምት ለቀጣዩ መርማሪ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የቀዳኋቸውን ሦስት ድምፆች አሁን አሰማችኋለሁ። የመጡት መካኒኮች መጀመሪያ ይገምቱ፣ እኛ መምህራኑ እንከተላለን።