ወገብ ሲጎዳ፦ ወጌሻ ወይስ ሐኪም?

ከግንባታ መወጣጫ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ ኩንታል ሲያነሳ ወገቡን የተያዘ ወዛደር፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወጌሻ ዘንድ ነው። ቅርብ ነው፤ ዋጋውም አይከብድም። ታዲያ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

የወገብ ሕመም ከ3 ወር በላይ ሲዘልቅ ሥር የሰደደ ይባላል። የተጎዳው አካል ከዳነ በኋላም ነርቮች የሕመም መልእክት ማስተላለፋቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ራጅ ምንም አላሳየም ብሎ ሰውን አስመሳይ ማለት ግፍ ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በታችኛው ጀርባ ሕመም የተጠቁት 619 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው መመሪያ ለሥር የሰደደው ሕመም የአካል እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ በቂ ትምህርትን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ እንዲሁም መታሸትን በአማራጭነት ያስቀምጣል። የወገብ ቀበቶን ግን በመደበኛነት አይመክርም። ቀን ከሌት መተኛትም ጡንቻን ያደክማል።

ስለዚህ ለስለስ ያለ መታሸት ሊያስታግስ ይችላል። ከአደጋ በኋላ ግን ስብራት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ማንም ወገብዎን እንዳያጥፍ፣ እንዳይጎትት።

እግርዎ ከዛለ፣ በጭኖችዎ መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያማክሩ፤ እንቅስቃሴውንም በጥቂቱ ጀምረው በየቀኑ ይሥሩ።