ቆጣሪው ቁጥሩን ካወቀ

ሰኔ እየተገባደደ ነው፤ የንብረት ቆጠራው ሊጀመር ስለሆነ ስለ አስተሳሰብ ጥቂት እንድናገር ተጋብዣለሁ። ቆጠራና አስተሳሰብ ምን አገናኛቸው የምትሉ አትጠፉም። እኔ ከቆጠራ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ብቻ በሌባሻይ በኩል ትንሽ ዞሬ ልምጣ።

ሌባሻይን ከሽማግሌዎች አፍ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ንብረት ሲጠፋ ሌባ ይፈለግበት የነበረ የቆየ ልማድ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በገመድ ያስሩትና አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ከኋላው ይከተላል። ልጁ ሲንገዳገድ፣ ከቤት ቤት ሲገባ ሲወጣ ይቆይና መጨረሻ ላይ የተዘረረበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ክፈል ይባላል።

ይህን ሰምተን እንስቃለን። ባንስቅ ይሻላል። በዚህ ያምኑ የነበሩት ሰዎች እኮ ሙግት ሲሰሙ የሚውሉ፣ ምስክር የሚያፋጥጡ፣ የነገር አዋቂዎች ነበሩ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረቻቸው፦ ልጁ ተሳስቶ ቢሆን በምን እናውቃለን? ሰውየው “አልሰረቅሁም” ካለ፣ ሌባ መቼ አምኖ ያውቃል ይባላል። ጨንቆት ካመነ ደግሞ ነገሩ አለቀ። በየትም በኩል ቢዞር ልጁ አይሸነፍም። ደግሞስ ያ ገመዱን የያዘው ሰው መንደሩ ማንን እንደሚጠረጥር አልሰማም ይሆን? የእኔ ጥርጣሬ እዚያ ላይ ነው።

የእኛ ብቻ ጉድ ነው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ1904 በርሊን ውስጥ ፎን ኦስተን የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ሃንስ የተባለ ፈረሳቸውን ሒሳብ አስተማሩ ተብሎ ከተማው ጉድ አለ። ሦስትና አራት ስንት ነው ሲባል ሃንስ በሰኮናው ሰባት ጊዜ መሬት ይመታል። አጣሪ ኮሚሽን ተሰየመ። የእንስሳት ሐኪም ነበረበት፣ የሰርከስ ባለሙያም ነበረበት። መርምረው ማታለል የለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልነበረም። ሽማግሌው ፍጹም ቅን ሰው ነበሩ።

ኦስካር ፉንግስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያዘው። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ለፈረሱ አቀረበለት። ሃንስ ጠፋው። ጠያቂውን እንዳያይ ሲከልሉትም ጠፋው። ለካስ ምቱ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ የጠያቂው ራስ ለራሱ ሳይታወቀው ቀና ትል ኖሯል፤ ፈረሱ ያቺን አይቶ ነው የሚያቆመው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ምስጢሩን ያገኘው ፉንግስት ራሱ ምልክቱን ከመስጠት ለመታቀብ መቸገሩ ነው። ስለዚህ “ከዛሬ ጀምሮ ሚዛናዊ ሆኜ አስባለሁ” ብሎ መወሰን ብዙም አያስኬድም። ነገሩን ቀድሞ ማመቻቸት ነው፤ ምኞታችን መልሱ ውስጥ እጁን እንዳያስገባ።

አሁን ወደ ግምጃ ቤታችን እንምጣ። የዕቃው መመዝገቢያ፣ ቢን ካርዱ፣ 40 የፕሪንተር ቶነር ይላል እንበል። ቆጣሪው ካርዱን አይቶ መደርደሪያው ዘንድ ሄደ፤ 38 አገኘ። ምን ያደርጋል? እንደገና ይቆጥራል፤ ከካርቶን ጀርባ ይፈልጋል፤ መሰላል ያስመጣል። 40 ቢያገኝስ? ጽፎ ያልፋል። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ባዶ ካርቶን ቢሆኑ ማን ከፍቶ ያያል? የምንጠብቀው ሲመጣ ምርመራችን እዚያው ያበቃል። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ መልሱን ይዞ ስለገባ ነው።

እውነት 38 ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የባሰ ነው። ገና ቃለ ጉባኤው ሳይጻፍ የግምጃ ቤቱ ልጅ ስም በየሻይ ቤቱ ይዞራል። “ሰሞኑን አዲስ ስልክ ይዟል” የሚል አይጠፋም። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሌባሻይ በምን ተሻልን? የታየው ሁለት ቶነር መጉደሉ ነው። ሰረቀ የሚለውን ያመጣነው እኛ ነን። የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ላይ 40 ተብሎ ሲፈረም ካርቶኑ ተከፍቶ ተቆጥሮ ነበር? የወጪ ደረሰኙ፣ ሞዴል 22፣ ሳይቆረጥለት “ነገ እፈርማለሁ” ብሎ የወሰደ ኃላፊ የለም? ካርዱ ላይ አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይሆን? እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ባዶ ከሆኑ በኋላ ሌብነትን ብናነሳ አልቃወምም። ሌባም አለ።

ስብሰባችንም ያው ነው። ኃላፊው “እኔ እንደሚመስለኝ” ብሎ ከጀመረ የቀረነው “እንደተባለው” እያልን እንከተላለን፤ የበርሊኑ ፈረስ ከዚህ የተለየ ምን ሠራ? ይቅርታ፣ ማንንም ለመንካት አይደለም። ዕቃውን በየቀኑ የሚነካው ጀማሪ ሠራተኛ የሚያውቀውን ይዞ ይወጣል፣ ጉዳዩም በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። “አላውቅም፣ አይቼ ልምጣ” የሚል ሰው ደግሞ ሥራውን ያልያዘ ተደርጎ ይታያል። በእኔ እይታ ከአዳራሹ ሁሉ ያ ሰው የተሻለ እያሰበ ነው።

ለዘንድሮው ቆጠራ የተስማማነው ይህ ነው። ሁለት ሁለት ሰው ሆነው ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ይቆጥራሉ፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም። የግምጃ ቤት ኃላፊው በሩን ይከፍታል፣ ዕቃው የት እንዳለ ያሳያል፣ ቁጥር ግን አይናገርም። ልዩነት የመጣበት ብቻ ሳይሆን ልክ የመጣበትም ዕቃ በዕጣ እየተመረጠ ካርቶኑ ተከፍቶ ይታያል። የታደለላችሁ ቅጽ ላይ በካርዱ መሠረት ሊኖር የሚገባውን የሚያሳየው “ከወጪ ቀሪ” የሚለው ዓምድ የቀረው ተረስቶ አይደለም።

ጥያቄ ካለ ከጀማሪ ሠራተኞች እንነሳ። ኃላፊዎች መጨረሻ ላይ ትናገራላችሁ።