ሥራ ያዛለው ሰውነት
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተፈቀደልኝ ነገር በሥራ ብዛት ስለ መዛል ነው። ድካም ሌላ ነው፤ የደከመ ሰው አንድ ሌሊት በደንብ ቢተኛ ጧት በርትቶ ይነሣል። ሥራ ያዛለው ሰው ግን ተኝቶም ደክሞት ይነሣል፤ የሚያገለግላቸውን ሰዎች ማየት ያስጠላዋል፤ የሠራው ሁሉ ከንቱ መስሎ ይታየዋል። እኛም እንዲህ ያለውን ሰው «ሰነፈ» ወይም «ጠባዩ ተበላሸ» ብለን እንፈርድበታለን። እኔ የምከራከረው ይህን ፍርድ ነው።

ነገሩን በሰፊው ያሳወቀው ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1974 ሲጽፍ መነሻ ያደረገው ኒው ዮርክ ውስጥ በነጻ በሚታከምበት ክሊኒክ ያገለገሉትን ባልደረቦቹንና ራሱን ነበር። ልብ በሉ፤ ዝለው የተገኙት ሰነፎች ሳይሆኑ ሥራቸውን ከልብ የወደዱት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ መዘገበው፤ በሽታ ብሎ ግን አልሰየመውም።

ታዲያ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል? በሌሊት መንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥማችሁ ልባችሁ በኃይል ይመታል፤ ከኵላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ወደ ደም ይለቃሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል፤ ሆድም ምግብ መፍጨቱን ያዘገያል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የሥራው ጅብ ግን አይሄድም፤ ማታም ተከትሎን ቤት ይገባል። ለጥቂት ደቂቃ የተሠራው መከላከያ ለወራት ሲቈይ እንቅልፍ ይረበሻል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ በሽታን የሚከላከለውም ኃይል ይዳከማል። አንዳንዶች «ዕጢው ደርቆ ኮርቲሶሉ ያልቃል» ይላሉ፤ ይህ ግን በምርመራ አልተረጋገጠም።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1998 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንደሚነግረን 11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃቸው ላይ ሁለት ጊዜ ትንሽ ቍስል ተደረገላቸው፤ አንዱ በበጋ ዕረፍታቸው፤ ሁለተኛው ፈተና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው። የፈተናው ጊዜ ቍስል ለመሻር በአማካይ 3 ቀን፤ ማለትም 40 በመቶ፤ ዘገየ። ከ11ዱ አንድ እንኳ እንደ ዕረፍቱ ጊዜ ፈጥኖ የዳነ አልነበረም። ቍስል ስንፍናን አያውቅም!

ይህ የፈተና ጭንቀት ነው እንጂ መዛል አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ፈተና ግን ያልፋል፤ የማያልፈውን ሥራ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዛቸው ዕድል 35 በመቶ፤ በልብ ደም ሥሮች መጥበብ የመሞታቸውም 17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በሐኪም ቤት ልምምድ ላይ ያሉት ጓደኞቻችን ሌሊቱን ተረኛ ሆነው አድረው በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ያያሉ። ከእነርሱ አንዱ፤ በትምህርቱ ሁላችንን የሚበልጠን፤ በቀደም ካርድ እየጻፈ እንቅልፍ ጣለው። አለቃው በሰው ፊት «ሰነፍ» አለው። ማታ ወደ መኝታችን መጥቶ የነገረኝ ስድቡን አይደለም፤ «በሽተኛዋ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም» አለኝ። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ተረኛ ያደረ ተማሪ በማግሥቱ እንዲያርፍ ማኅበራችን ለአስተዳደሩ ጥያቄ እንዲያቀርብ አሳስባለሁ። መምህራኖቻችንም ቢደግፉን ደስ ይለናል። ረቂቁን ጽፌ አምጥቻለሁ፤ መፈረም ለሚፈልግ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።