ባሕረ ሐሳብ፣ ዕቁብና የልጆቻችን የሒሳብ ትምህርት
(በቢቸናና በሞጣ ለሚያገለግሉ ካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በክልላችን በደረሰው የጸጥታ መደፍረስ ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ነፃ ሥልጠና በበይነ መረብ ጀምሯል። ይሁን እንጂ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት አጥቢያ ያለ ልጅ በምን ይጀምር? መጀመሪያው በእጃችን እንዳለ ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ኮዲንግ ማለት ሥራን በቅደም ተከተል ከፋፍሎ፣ በራሱ ለማያስብ መሣሪያ አንድ ሳያጓድሉ መጻፍ ነው። ከእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ ድሜጥሮስ የተቀበልነው ባሕረ ሐሳብም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ነው። አንዱ ልጅ «መሣሪያ» ይሁን፤ ሌሎቹ ትእዛዙን በየወረቀቱ ጽፈው ይስጡት። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፤ ለ19 ግደፍ፤ ከቀሪው 1 ቀንስ፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተህ ለ30 ብትገድፍ ቀሪው አበቅቴ፣ በ19 አባዝተህ ለ30 ብትገድፍ ቀሪው መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በዓሉን በመስከረም፣ ቢያንስ በጥቅምት አውል። በ2018 ዓ.ም. ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕም ተደምረው 30 ይሞላሉ።

አሁን ደግሞ አንዱን ወረቀት፣ «1 ቀንስ» የሚለውን፣ ደብቁበት። አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ይወጣል። ድምሩ አሁንም 30 ነው፤ በዓሉ ግን ከመስከረም ወደ ጥቅምት ተሻግሯል! ልጁ ስሕተቱን የሚያገኘው ከቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ጋር ሲያስተያየው ብቻ ነው። ድምር ስለገጠመ ብቻ ሥራው ልክ ነው እንደማይባል በዚህ ይማራል።

ሁለተኛው ልምምድ ስለ ገንዘብ ነው። አምስት ልጆች እያንዳንዳቸው 20 የባቄላ ፍሬ ይዘው ዕቁብ ይግቡ፤ በየዙሩ 4 ፍሬ ይጣሉ። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ 20 ፍሬ ተቀብሎ መጣል ቢያቆም ምን ይሆናል? እርሱ 16 ያተርፋል፤ የቀሩት አራቱ ግን 20 ጥለው 16 ብቻ ስለሚያገኙ እያንዳንዳቸው 4 ይከስራሉ። የዋስና የጽሑፍ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ስብከት የለም። ከዚያም ገቢ፣ ወጪና ከወጪ ቀሪ በሚል መዝገብ ይጻፉት፤ መዝገቡንም በእጃቸው ካለው ፍሬ ጋር ያመሳክሩ። ሳይመዘገብ የቀረ ወጪ በመዝገቡ ድምር ላይ አይታይምና።

ለዚህ ሥራ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ለዲማ ጊዮርጊስና ለደብረ ወርቅ ጎረቤት በሆነ አገር ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምር መምህር አይጠፋም። ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩት በእነዚህ ደብሮች የአብነት ትምህርት ቀስመው ነው። መምህሩን ሒሳብ ከሚችል የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ጋር አጣምሯቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹን ለአንድ ሰዓት ክፈቱላቸው።

የመጨረሻው ልመናዬ የሚከብድ ሊመስል ይችላል። ልጆቹ መዝገብ ማንበብ ሲችሉ፣ የአጥቢያችሁን የገቢና የወጪ መዝገብ አሳዩአቸው። ታማኝነትን የሚማሩት እኛ ስንቆጠር ሲያዩ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።